የተጎዳ ሳንቲም ሁሉ ሚሊዮን አያወጣም

ቲክቶክን ትንሽ ወረድ ወረድ ስታደርጉት አንድ ቪዲዮ መምጣቱ አይቀርም፤ «ይህ ሳንቲም ቤታችሁ ካለ ሀብታም ሆናችኋል!» የሚል። ሳንቲሙ ወይ ጠርዙ የጎደለ ነው፣ ወይ ጽሑፉ የተደራረበ፣ ወይ ደግሞ ያረጀ ብቻ። ኮሜንቱ በፎቶና በስልክ ቁጥር ይጥለቀለቃል። እዚያው መሀል «ገዢ አለኝ፤ መጀመሪያ ግን የመመዝገቢያ ላኩ» የሚል ሰው አይጠፋም። ቀልዱ የሚያበቃው እዚህ ጋ ነው።

ወሬው ሙሉ በሙሉ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ ከተቀረጹት የአሜሪካ አንድ ሳንቲሞች 20,000 ገደማ የሚሆኑት ዓመቱና ጽሑፉ ሁለት ሁለት ሆኖ ወጥተዋል፤ ሰብሳቢዎች ዛሬም በጥሩ ዋጋ ይገዟቸዋል። በ2008 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ የ20 ፔንስ አሮጌው የፊት ማኅተም ከአዲሱ የጀርባ ማኅተም ጋር ተጣምሮ ምንም ዓመት የሌለበት ሳንቲም ሰው እጅ ገባ። እና ስህተት ያለበት ሳንቲም ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ጥያቄው «ስህተት» የምንለው የቱን ነው የሚለው ነው።

መልሱ አጭር ነው። ስህተት ማለት መቅረጫው ውስጥ የተፈጠረ ነገር ነው። ሳንቲሙ ከዚያ ከወጣ በኋላ የደረሰበት ሁሉ ጉዳት ነው፤ የተጎዳ ሳንቲም ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ሳንቲም ሲሠራ መጀመሪያ ከብረት ዝርግ ላይ ክብ ብረት ይቆረጣል። ከዚያ ቀለበት ውስጥ ገብቶ ከላይና ከታች በሁለት ማኅተሞች በከባድ ኃይል ይመታል። እውነተኛ ስህተት ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ መፈጠር አለበት። ክቡ ሲቆረጥ ጠርዙ ሊጎድል ይችላል፤ ብረቱ መሀል ሳይገባ ከተመታ ሥዕሉ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ማኅተሙ ራሱ ሲሠራ ተዛንፎ ከነበረ ጽሑፉ ይደረባል።

ይህን ካወቃችሁ በስልካችሁ ካሜራ ብቻ ብዙ ነገር መለየት ትችላላችሁ። ሳንቲሙ ላይ መስመር አያችሁ? አጉሉት። ማኅተሙ ተሰንጥቆ ከነበረ መስመሩ ከሳንቲሙ ገጽ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ወደ ውስጥ የገባ መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጭረት ነው። ጽሑፉ ተደራርቧል? ተደራቢው እንደ ደረጃ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ማኅተሙ ሲመታ ስለተንቀጠቀጠ የመጣ ነው፤ ይህ በየቦታው የሚገኝ ስለሆነ ሰብሳቢ አይጓጓለትም። ጠርዙ የጎደለ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን ጎን እዩ። በእውነተኛው ላይ ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ያለው ጠርዝ ይደበዝዛል፤ በመቁረጫ የተቆረጠው ላይ ግን ምንም አይለወጥም። ማግኔትም ይጠቅማል። በ1943 እ.ኤ.አ. አሜሪካ አንድ ሳንቲሟን ከብረት ስትሠራ ጥቂቶቹ በስህተት በነሐስ ላይ ተቀረጹ፤ አስመሳዮች ተራውን ብረት መዳብ እየቀቡ ይሸጣሉ። ማግኔት ከያዘው አለቀ፣ እሱ አይደለም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ችግሩ ሌላ መልክ አለው፤ ዓመቱ ያታልላል። ማርትሬዛ ብር ላይ 1780 የሚለውን አይቶ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው» የሚል ብዙ ነው። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላ ግን ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሲቀረጽ ኖሯል። የኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም 1936 ዓ.ም. የሚለውን እንደያዙ ለብዙ ዓመታት ተቀርጸዋል። ባለ 25 ሳንቲሙ ጠርዙ አበባ የመሰለው ደግሞ ሆን ተብሎ እንጂ ተሳስቶ አይደለም። የደርግ ጊዜ 1969ም በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ በየቤቱ ያለ ነገር ብርቅ አይባልም።

ቪዲዮ የምትሠሩ ልጆች፣ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ሰው የጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን አሳዩን። አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ «አንድ ሚሊዮን» ብሎ ስለለጠፈ ሳንቲሙ ሚሊዮን አወጣ ማለት አይደለም።

እናንተ ደግሞ ሳንቲም ካገኛችሁ አትፈትጉት፤ በሎሚና በአመድ ማጽዳት የእውነተኛውንም ዋጋ ይገድለዋል። ሊሸጥላችሁ የመጣውን ሰው «ይህ መቅረጫው ውስጥ እንዴት ሊፈጠር ቻለ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ሳንቲሙን መልሱለት። እናንተ ስትሸጡ ቀድማችሁ ገንዘብ ላኩ ካላችሁ ደግሞ መጠየቁም አያስፈልግም፤ የሚፈልገው ሳንቲሙን አይደለም።