አራስ እናትና የሆድ ድርቀት

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ብዙ እናቶች ለባላቸውም ለሐኪማቸውም ለመናገር የሚያፍሩበት ነው፡፡ ይኸውም ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የሆድ ድርቀት ነው፡፡ አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ "ወተቱ መጣልሽ? ሕፃኑ ይጠባል?" እንላለን፡፡ "ሆድሽስ እንዴት ነው?" የሚል ግን ብዙም የለም፡፡ እርስዋም ዝም ትላለች፡፡

ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል፡፡ አንዷ እናት "መድኃኒት ብወስድ በወተቴ ወደ ልጄ ይገባል" ብላ ለሳምንታት ትሠቃያለች፤ ድርቀቱም ኪንታሮት ያስከትልባታል፡፡ ሌላዋ ደግሞ ሰው የነገራትን ኃይለኛ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ጠጥታ፣ ለጥንቃቄ ብላ ጡት ማጥባቷን ታቆማለች፡፡ እህቴ ሆይ፣ ሁለቱም አያስፈልጉም፡፡ ለሆድ ድርቀት ከሚታዘዙት የታወቁ መድኃኒቶች አብዛኞቹ ጡት ማጥባትን አያስከለክሉም፡፡

ድርቀቱ ከየት ይመጣል?

በእርግዝና ጊዜ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ስለሚበዛ የአንጀት እንቅስቃሴ ይዘገያል፤ ከወሊድም በኋላ ወዲያው አይስተካከልም፡፡ ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ኪኒን ሰገራ ያደርቃል፡፡ ስፌት ያላት እናት "ስፌቱ ይፈታብኛል" ብላ ስለምትፈራ ሰገራዋን ይዛ ታቆያለች፤ በቆየ ቁጥርም ይበልጥ ይደርቃል፡፡ በዚህ ላይ የምታጠባ እናት በቀን ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ በወተት መልክ ታወጣለች፡፡ ካልተካችው አንጀቷ ይደርቃል፡፡

አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎችም ሆድ ያደርቃሉ፡፡ ከእነዚህ መካከል ኮዴይንና ትራማዶል ይገኙባቸዋል፡፡ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ሁለቱን እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል፤ በወተት ወደ ሕፃኑ አልፈው ከባድ እንቅልፍና የአተነፋፈስ ችግር ሊያመጡ ስለሚችሉ ነው፡፡ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ግን ለምታጠባ እናት የሚስማሙ ናቸው፡፡ የታዘዘልሽ የትኛው እንደ ሆነ ጠይቂ፡፡

ምግብ ይቅደም

የአራስ ቤታችን ገንፎ፣ አጥሚትና ሥጋ የሞላበት ነው፡፡ ኃይል ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ጎመንና ፍራፍሬ "ይበርዳታል" ተብለው ከተከለከሉ ሆድ መድረቁ አይቀርም፡፡ ጎመን፣ ምስር፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ የገብስና የጤፍ ምግብ አራስን አይጎዱም፡፡ ተልባም ቤታችን ያለ ጥሩ ምግብ ነው፤ ሰገራን የሚያለሰልሰው ግን ውሃ ሲጠጣ ነውና ወፍራሙን ብቻ አትውሰጂ፡፡ ሕፃኑን ባጠባሽ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠገብሽ ይኑር፡፡ በጾም ጸሎት ጊዜም ለምታጠባ እናት ከውሃ መከልከል እንደማይመከር እናስታውስ፡፡

ሽንት ቤት ስትቀመጪ እግርሽን ትንሽ በርጩማ ላይ ብታሳርፊና ወደ ፊት ጎንበስ ብትዪ ሳታምጪ ይወጣል፡፡ ስፌት ካለሽ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሶፍት ስፌቱ ላይ ደግፈሽ ያዢ፤ ስፌቱ በሰገራ አይፈታም፡፡ ሲመጣብሽም አትያዢው፡፡

መድኃኒት ካስፈለገስ?

በቅድሚያ የሚመረጡት ከአንጀት ወደ ደም የማያልፉት ወይም እጅግ ጥቂት ብቻ የሚያልፉት ናቸው፡፡ ወደ እናት ደም ያልገባ መድኃኒት ወደ ወተቷ ሊገባ አይችልምና፡፡

ላክቱሎስ የተባለው ጣፋጭ ሽሮፕ ወደ ደም የሚገባው ከ100 እጅ 3 እጅ እንኳ አይሞላም፡፡ መጀመሪያ ላይ ሆድ ሊነፋ ይችላል፤ ለመሥራትም ሁለት ቀን ያህል ይፈልጋልና "አልሠራም" ብለሽ በአንድ ቀን አትተዪው፡፡ በውሃ የሚበጠበጠው የማክሮጎል ዱቄትና የኢስፓጉላ ገለባም እንዲሁ ናቸው፡፡ ማግኒዝየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ነጭ ሽሮፕም ይፈቀዳል፤ የኩላሊት ሕመም ያለባት ግን ሐኪም ሳታማክር አትውሰደው፡፡

እነዚህ ካልረዱ ቢሳኮዲል አለ፡፡ ይህ መድኃኒት አንጀትን ቀስቅሶ የሚሠራ ነው፤ በሚያጠቡ እናቶች ላይ በተደረገ ጥናት በወተታቸው ውስጥ አልተገኘም፡፡ ለጥቂት ቀን ብቻ ይወሰዳል፡፡ በፊንጢጣ የሚገባው ግሊሰሪንም ለሕፃኑ አያሰጋም፤ ነገር ግን መቀደዱ እስከ ፊንጢጣ ደርሶ የተሰፋች እናት ያለ ሐኪም ፈቃድ ምንም ነገር አታስገባ፡፡

ሰናመኪ ሁለት መልክ አለው፡፡ በፋብሪካ የተመጠነው ኪኒን በታዘዘው ልክ ለጥቂት ቀን ቢወሰድ የሚያሰጋ አይደለም፡፡ በገበያ የሚሸጠው ቅጠልና "የሚያቀጥን ሻይ" ግን መጠኑ አይታወቅም፤ ሲበዛ እናቲቱን አስቀምጦ ውሃዋን ይጨርሳል፡፡ ሕፃኑም ሰገራው ከቀጠነ መድኃኒቱን አቁመሽ ሐኪም አማክሪ፡፡

የሚራቁትስ?

"ሆድ ይጠርጋል" ተብሎ ኮሶ መጠጣት ለምታጠባ እናት አይገባም፡፡ ኮሶ የኮሶ ትል ማስወጫ ነው፤ የድርቀት መድኃኒት አይደለም፣ መርዛማነትም አለው፡፡ የጉሎ ዘይትም ኃይለኛ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል፡፡ ፈሳሽ ፓራፊን ደግሞ ሲዘወተር ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ ያግዳል፡፡ የብረት ኪኒኑንም በራስሽ አታቁሚ፤ በወሊድ ጊዜ የፈሰሰው ደም መተካት አለበትና መጠኑ ወይም ዓይነቱ ይለወጥልሽ እንደ ሆነ ጤና ባለሙያውን ጠይቂ፡፡

የሕፃኑ ሆድ ሲደርቅ

አንዳንድ እናቶች ልጃቸው ስላልተጸዳዳ "በወተቴ ይድረሰው" ብለው ራሳቸው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይወስዳሉ፡፡ ይህን አታድርጊ፡፡ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ስድስት ሳምንት ካለፈው በኋላ ለብዙ ቀን ሳይጸዳዳ ቢቆይም፣ ሰገራው ለስላሳ ከሆነ፣ ጥሩ ከጠባ፣ ከሸናና ክብደት ከጨመረ ደኅና ነው፡፡ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ግን ሰገራ ማነሱ ወተት እንዳልበቃው ሊያመለክት ስለሚችል ይታይ፡፡ እስከ 6 ወር ቅቤም፣ አብሽም፣ ውሃም አያስፈልገውም፡፡

ሳትዘገዪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ

ሰገራሽ ደም ከቀላቀለ፣ ሆድሽ ተነፍቶ ካስመለሰሽ፣ በተለይ በቀዶ ጥገና ወልደሽ ጋዝ እንኳ አልወጣ ካለ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ወይም ሰገራን መቆጣጠር ካቃተሽ ቤት ውስጥ አትቆዪ፡፡

ባሎች ሆይ፣ ይህ ገጽ ለእናንተም ነው፡፡ ሚስታችሁ በዚህ ነገር ስትቸገር ቀድማችሁ ጠይቋት፤ እርስዋ ለመጀመር ታፍራለች፡፡ ፋርማሲ ስትሄዱ "የሆድ ድርቀት መድኃኒት ስጡኝ" ብቻ አትበሉ፤ የምታጠባ መሆኗን፣ የሕፃኑን ዕድሜና ያለ ቀኑ የተወለደ እንደ ሆነም ተናገሩ፡፡ እርስዋ ሽንት ቤት ስትገባም ሕፃኑን ያዙላት፡፡ የሕፃን ለቅሶ እየሰማች የተቻኮለች እናት ሆዷ አይፈታም፡፡

እናቶች ሆይ፣ አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ከገንፎው ጋር ጥቂት ፓፓያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰው ሲቀንስም ጠጋ ብላችሁ "ሆድሽስ?" በሏት፡፡