ማትኪ የሚመዘነው ከበሰለ በኋላ ነው

ስለ ጥራጥሬ የሚጻፉ የሥነ ምግብ ጽሑፎች አንድ የጋራ ልማድ አላቸው፤ የደረቀውን ፍሬ ወስደው ፕሮቲኑን፣ ብረቱንና ካልሲየሙን በሰንጠረዥ ከደረደሩ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስል እህሉን «ተአምረኛ ምግብ» እያሉ ያወድሱታል። በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ ሕንድ በስፋት የሚበላው ማትኪ ይህ ልማድ ምን ያህል ጎዶሎ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል፤ ምክንያቱም ማትኪ ለበላተኛው የሚሰጠው ጥቅም የሚወሰነው ፍሬው በያዘው ንጥረ ነገር ልክ ሳይሆን፣ ፍሬው በተዘፈዘፈበት፣ በበቀለበትና በበሰለበት መንገድ ነው።

ማትኪ በሳይንሳዊ ስሙ ቪግና አኮኒቲፎሊያ ይባላል፤ በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ቆላማ አካባቢዎች የሚመረተው ማሾም ከዚሁ የቪግና ወገን ስለሆነ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ማትኪ ደቃቅ፣ ሞላላና ወደ ቡናማ የሚያደላ ፍሬ ያለው ሲሆን፣ በብዛት የሚበቅለው የታር በረሃ በሚገኝበት በራጃስታን ግዛት ነው። በቢካኔር፣ በጆድፑርና በባርመር ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች የክረምቱ ዝናብ ሲጥል በአሸዋማ ማሳቸው ላይ ይዘሩታል፤ ብዙ ጊዜም እነርሱ ባጅራ ከሚሉት፣ በኢትዮጵያ ቡልቱግ ከሚባለው እህል ጋር ያሰባጥሩታል። ሥሩ ጠልቆ እርጥበት ይፈልጋል፤ ቅርንጫፎቹ ደግሞ መሬት ለመሬት ተንሰራፍተው አፈሩን እንደ ምንጣፍ ስለሚሸፍኑት የፀሐዩ ሐሩር እርጥበቱን ቶሎ አይመጠውም፣ ነፋሱም አፈሩን በቀላሉ አይጠርገውም። ሌላው ሰብል በሚከስልበት ዓመት ማትኪ ጥቂትም ቢሆን ፍሬ መስጠቱ ለድሃው ገበሬ ከማንኛውም የቫይታሚን ዝርዝር የሚበልጥ ቁም ነገር ነው።

ወደ ቁጥሩ ሲመጣ፣ 100 ግራም ደረቅ ማትኪ ወደ 343 ካሎሪ፣ ወደ 23 ግራም ፕሮቲን፣ ወደ 11 ሚሊ ግራም ብረትና 150 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም እንደያዘ የምግብ ይዘት ሰንጠረዦች ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ ደረቅ ማትኪ ቆርጥሞ የሚበላ ሰው የለም። ፍሬው ሲቀቀል ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ በ100 ግራም ቅቅል ማትኪ ውስጥ የሚገኘው ወደ 117 ካሎሪ፣ ከ8 ግራም ጥቂት የሚያንስ ፕሮቲንና ወደ 3 ሚሊ ግራም ብረት ነው። ይህም ቢሆን ጥሩ ምግብ መሆኑን አያስቀረውም፤ ነገር ግን የደረቁን ቁጥር እንደ ሳህኑ ቁጥር አድርጎ ማቅረብ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ሰንጠረዡ የማይናገረው ሌላም ነገር አለ፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ደም አይገባም። ማትኪ እንደ ሌሎች ጥራጥሬዎች ሁሉ ፋይቲክ አሲድ የተባለ፣ ተክሉ ፎስፈረስ የሚያጠራቅምበት ውሁድ አለው፤ ይህ ውሁድ ብረትንና ዚንክን አንቆ ስለሚይዛቸው አንጀት በቀላሉ አይመጥጣቸውም። ትሪፕሲን የተባለውን የፕሮቲን አፍራሽ ኢንዛይም ሥራ የሚያግዱ ንጥረ ነገሮችም አሉት፤ ሆድ የሚነፉት ራፊኖስና ስታኪዮስ የተባሉ የስኳር ዓይነቶችም አይጠፉበትም። ፍሬው ተዘፍዝፎ ማጎንቆል ሲጀምር ግን ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም ነቅቶ ፋይቲክ አሲዱን ይሰባብራል፣ ሆድ የሚነፉትን ስኳሮች ቡቃያው ለራሱ ማደጊያ ይጠቀምባቸዋል፣ በደረቁ ፍሬ ውስጥ እዚህ ግባ የማይባለው ቫይታሚን ሲም መፈጠር ይጀምራል። የትሪፕሲን አጋጆቹን ኃይል ደግሞ የማብሰያው ሙቀት ይሰብረዋል።

የማሃራሽትራ ግዛት ባለሙያ ሴቶች ይህን ሁሉ የኬሚስትሪ ቃል ሳያውቁ ሥራውን ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩት ኖረዋል። ማትኪው ተለቅሞና ታጥቦ ማታ ይዘፈዘፋል፤ ጧት ውኃው ይደፋና ፍሬው በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ተቋጥሮ ሞቅ ባለ ቦታ ያድራል፤ በማግስቱ ቋጠሮው ሲፈታ ከየፍሬው ነጭ ጭራ ወጥቶ ይገኛል። ውኃ አልጠጣ ብለው እንደ ጠጠር የቀሩት ፍሬዎች ጥርስ እንዳይሰብሩ በዚህ ጊዜ ተለቅመው ይጣላሉ። ከዚያም በጋለ ዘይት የሰናፍጭ ፍሬ ይንጣጣል፤ ከሙን፣ እርድ፣ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ተከትለው ይቁላላሉ፤ በቆልቱ ተጨምሮበት ክዳኑ ተገጥሞ ፍሬው ልስልስ እስኪል ድረስ ይበስላል፤ ከመጠን አልፎ እንዳይፈርስ ግን ይጠበቃል። ኡሳል የተባለው ወጥ ይህ ነው፤ በቀይ በርበሬ የከረረ መረቅ ፈስሶበት፣ ተጠብሶ የተንኮሻኮሸ የዱቄት ፍርፋሪ፣ ጥሬ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ሲነሰነስበት ደግሞ በኮላፑር፣ በፑኔና በናሺክ ከዳቦ ጋር የሚበላው ሚሳል ይሆናል። መጨረሻ ላይ የሚጨመቅበት ሎሚ ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም፤ የሎሚው ቫይታሚን ሲ በእሳት የጠፋውን ይተካል፣ ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት በአንጀት በኩል እንዲመጠጥም ያግዛል።

በቆልቱ መብሰሉ ለጤናም ይበጃል። በአሁኑ ጊዜ በቆልትን ጥሬውን በሰላጣ መብላት እንደ ጤናማ ኑሮ ምልክት ሲታይ ይስተዋላል፤ ሆኖም ፍሬን የሚያጎነቁለው ሙቀትና እርጥበት ጎጂ ባክቴሪያዎችንም ያራባል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን ከ50 በላይ ሰዎችን የገደለው የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ ምንጩ የአብሽ በቆልት እንደነበረ ተረጋግጧል። ኡሳልን በእሳት ያሳለፈው የአያቶች ልማድ ከዘመኑ ፋሽን ይልቅ ጥንቃቄ አለው።

በአንጻሩ ማትኪ በገበያ ስም ያተረፈው በኡሳል ሳይሆን በቡጂያ ነው። ቡጂያ የማትኪ ዱቄት ከሽምብራ ዱቄትና ከቅመም ጋር ተለውሶ፣ በወንፊት መሰል መጭመቂያ እንደ ቀጭን ክር እየወረደ በፈላ ዘይት የሚጠበስ መክሰስ ሲሆን፣ የቢካኔሩ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2010 በሕንድ የመልክዓ ምድራዊ መለያ ጥበቃ አግኝቷል። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ የሆነ፣ የሚጣፍጥና የሚያኮራ ሙያ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ ሲሶ በላይ ስብ፣ ከዚያም ላይ ብዙ ጨው የያዘን መክሰስ ጥሬ እቃው ማትኪ ስለሆነ ብቻ ለጤና የሚበጅ ምግብ ነው ማለት አይቻልም። አንድ ፍሬ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት የተለያየ ውጤት ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ጥራጥሬን ለሕዝብ የሚያስተዋውቁ የጤናና የግብርና ተቋማት ከንጥረ ነገሩ ሰንጠረዥ ጎን አዘገጃጀቱን ማስቀመጥ ይኖርባቸዋል፤ ከምን ጋር እንደሚበላም መጨመር ይገባል፤ ምክንያቱም ማትኪ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ክፍልፋይ የበለጸገ፣ በሜታዮኒን ግን ደሃ በመሆኑ የራጃስታን ሰው ከባጅራ ቂጣ ጋር ሲበላው ሁለቱ እህሎች አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ምክር እንግዳ አይሆንም። የባቄላ በቆልት በጾም ማዕድ የታወቀ ነው፤ ለባቄላ የተቻለው ለማሾም ይቻላል፤ ማሾ ግን በአመዛኙ ለገበያ ተመርቶ ወደ ውጭ የሚላክ ሰብል ሆኖ ቆይቷል። ማሾን በጆንያ ሸጦ የሚገኘው ገንዘብ የሚናቅ ባይሆንም፣ ከምርቱ ጥቂቱን አስቀርቶ በቆልት ማድረግ ለገበሬው ቤተሰብ አዲስ ዘር፣ አዲስ መሣሪያም ሆነ አዲስ እውቀት የማይጠይቅ የምግብ ማሻሻያ ነው።