ፋይዛ ሻሂን፦ ፓርቲዋ በመጨረሻ ሰዓት የሰረዛት እጩ

ፋይዛ የምስራቅ ለንደን ልጅ ናት፤ አባቷ የመኪና መካኒክ ነበር። ኦክስፎርድ ተምራ የኢኮኖሚ ባለሙያ ሆነች፤ የምታጠናውም የሀብት ልዩነትን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በሌበር ስም ቺንግፎርድ ላይ ተወዳድራ በቀድሞው የኮንሰርቫቲቭ መሪ ኢያን ደንካን ስሚዝ የተሸነፈችው በ1,262 ድምፅ ብቻ ነበር። በ2024 ግን ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት ሌበር በማህበራዊ ሚዲያ እንቅስቃሴዋ ሰበብ ሰረዛት። እሷም በግሏ ገባች።

ውጤቱስ? እሷና የሌበር ተተኪዋ እያንዳንዳቸው 12 ሺህ ገደማ ድምፅ ተካፈሉ፤ ደንካን ስሚዝ በ17 ሺህ አለፈ። እዚያ ግማሹን ማግኘት ግድ አይደለም፤ ከሁሉም መብለጥ ይበቃል። የእኛም ሀገር ምርጫ በዚሁ ስሌት ነው የሚሄደው።

እኛ እንደምናየው፣ ብዙ ጊዜ ውጤቱ የሚወሰነው ኮሮጆው ከመምጣቱ በፊት፣ እጩ ሲመረጥ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?