ሐይቁን አየን፣ መጽሐፉንስ?

ከኩታበርም ሆነ ከደሴ ተነሥቶ «ሐይቅ እስጢፋኖስን ተሳለምኩ» የሚለኝን ሰው «ምን አየህ?» እለዋለሁ። መልሱ ያው ነው፤ ውኃው፣ ነፋሱ፣ ከተማው ላይ የበላው ዓሣ ጥብስ። ኧረ ጎበዝ! ለዓሣውማ አርባ ምንጭስ አለ አይደል?

እኔም ከአንድ ማኅበር ጋር ሄጄ ነበር። መሪያችን ስለ ተአምር ሲያወራልን ዋለ። ስለ መጻሕፍቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ቦታው እኮ ትምህርት ቤት ነው! አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ያቀኑት በመጽሐፍ ነው። የእሳቸው ወንጌል የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. ነው፤ ሥዕላቸውም ውስጡ አለ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት እዚያ ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም እንዲሁ። መጽሐፈ ምሥጢርንና አርጋኖንን የደረሱት እኚህ ሊቅ፣ በገድላቸው እንደሚተረከው፣ ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው ሰባት ዓመት እህል ሲፈጩ ኖረዋል። ልጄ ፈተና ወደቀ ብሎ ቤቱን የሚያምስ ወላጅ ይህን ቢሰማ ምን ነበረበት?

«ገዳም የሚኬደው ለመሳለም ነው፤ ብራና አይነካካም» የሚሉኝ አሉ። ማን ንኩ አላችሁ! ብራናውን መነኮሳቱ ይጠብቁት፤ እሰየው። እኔ የምለው ስለ ቅጂው ነው። ያ ወንጌል በ1960ዎቹ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ተነሥቶ ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገብቷል። የሚኒሶታ ተመራማሪ ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ ያየዋል፤ የኩታበር ተማሪ ስሙንም አልሰማ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ቅጂ የሌለው ነገር ከሄደ ሄደ ነው።

ሴቶቹስ? ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ሥርዓቱ የገዳሙ ስለሆነ አልሟገትም። አብረውን የመጡት እኅቶች ግን ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው ከደጅ ቀሩ፣ አንዲት ገጽ እንኳ በፎቶ ሳያዩ ተመለሱ። ወደ ውስጥ አለመግባታቸው ሥርዓት ነው፤ እሺ። ፎቶ አለማየታቸው የማን ሥርዓት ነው? ሀገረ ስብከቱም፣ የወረዳው ባህልና ቱሪዝምም ይመልሱልኝ። ገዳሙ ከፈቀደ ሐይቅ ከተማ ላይ አንዲት ክፍል፣ ግድግዳዋ ላይ የገጾቹ ፎቶ፣ ከሥሩ አማርኛው፤ በቃ! ግእዙን አንብቦ የሚያስረዳ የቅኔ ተማሪ እንደሆነ ለወሎ ብርቅ አይደለም።