ፍሬንህን ለመጨረሻው ዙር

የዛሬውን ጨዋታ የማነሳው ከደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው የ26 ዓመት ወጣት ሲሆን ሚኒባስ ታክሲ ይነዳል። ስሙንም መስመሩንም አላነሳም። ባለፈው ወር አንድ ሹፌር ተራ ሲሻማው ጎኑን ገጨውና ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ሄደ። የእኛ ሰው ደሙ ፈላ። ተከተለውና ከኋላ ላተመው። ከዚያማ ምን ልበላችሁ... ሁለቱም መኪኖች ጋራዥ ገቡ፣ ባለንብረቱ ቁልፉን ተቀበለው፣ ልጁ ወር ሙሉ ቤት ዋለ። አሁን ሌላ ሰው መኪና ሰጥቶት ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ጣጣው፣ ያ ሰውዬም እዚያው መስመር ላይ ነው። «ጋሼ፣ ገና ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል። ሳየው ምን ላድርግ? ወይስ ሥራው ይቅርብኝ?» ይላል።

ወንድሜ፣ «ይቅርብህ» አልልህም። ይልቅ አንድ ሰው ላስተዋውቅህ። መገጨትን ለምዶት የሚኖር ሰው ነው።

ከዓመታት በፊት አሜሪካ፣ ደቡብ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ጋራዥ ጎማ እየቀየርኩ እኖር ነበር። ጎሚስታ ነበርኩ በሉኝ። አለቃዬ በአዘቦት ቀን መካኒክ፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ የመኪና ተወዳዳሪ ነው። የሚነዳው «ስቶክ ካር» የሚሉትን ነው። ስሙ የመጣው ድሮ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ማንም ገዝቶ በሚነዳው መኪና ይወዳደሩ ስለነበር ነው። አሁን ግን የቤት መኪና የሚመስለው ከውጭ ብቻ ነው። ውስጡ የብረት ቱቦ፣ አንድ ወንበርና አንድ ሞተር ነው። በሩ አይከፈትም፤ ሹፌሩ በመስኮት ነው የሚገባው።

የመሮጫው ዙሪያ ከአንድ ማይል፣ ማለትም ከ1.6 ኪሎ ሜትር ካነሰ «አጭር ትራክ» ይሉታል። እዚያው ቨርጂኒያ ያለው ታዋቂው የማርቲንስቪል ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1947 የተከፈተ ሲሆን፣ ዙሪያው 850 ሜትር አይሞላም። ከ1964 ጀምሮ አሸናፊው የሚሸለመው ከሰው የሚረዝም የወለል ሰዓት ነው። አለቃዬ ያንን ሰዓት በሕልሙ ያየው ነበር። በእውኑ የሚሮጠው ግን ከዚያም ባነሰች የሰፈር ሜዳ ላይ ነው።

እስቲ አስቡት፤ ሃያ ምናምን መኪና በአንዲት ጠባብ ቀለበት ውስጥ! ነዳጅ፣ ፍሬን፣ ወደ ግራ... ነዳጅ፣ ፍሬን፣ ወደ ግራ...። የአውቶቡስ ተራን ግፊያ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት አስቡት። መነካካት አይቀርም።

አንድ ቅዳሜ አለቃዬ ሁለተኛ ሆኖ እየሮጠ፣ ሦስት ዙር ሲቀር፣ ከኋላው ያለው ሰው በፓራውልቱ ገፋው። የአለቃዬ መኪና ተሽከረከረችና ግድግዳ መታች። ገፊው በእሱ ቦታ ሁለተኛ ወጣ። አለቃዬ በጎታች መኪና ወጣ። በሳምንቱ ደግሞ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር አለ። ሚስቱ ቁርጡን ነገረችው፦ «ይህች መኪና አንዴ ከተሰበረች እንሸጣታለን። የልጆቹን ገንዘብ ግድግዳ ላይ አንለጥፍም።» እውነቷን ነው። የምትሰበረው መኪና የምትጠገነው ከቤት ወጪ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ያለን ሁሉ ስለ በቀል እናወራ ጀመር። እኔማ ከሁሉም ብሼ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈ። የሳምንቱ ሥራ ዝርዝር ነው። ፓራፋንጎ ማቅናት፣ ሞላ መቀየር፣ ቡሎን ማጥበቅ... ሃያ ሰባት መስመር ቆጠርኩ። የዚያ ሰውዬ ስም አንዱም ላይ የለም። ገረመኝ።

ማክሰኞ ሚዛን ወጣ። በእያንዳንዱ ጎማ ሥር አንድ፣ በድምሩ አራት ሚዛን። አለቃዬ የራስ ቁሩን አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ የሹፌሩ ክብደትም ይቆጠራልና። የሚታጠፉት ወደ ግራ ብቻ ስለሆነ ክብደቱን በተቻለ መጠን ወደ ግራ ያደላሉ። በዚህ መሀል ሐሳቤን ጣል አደረግኩ።

«አለቃ፣ የፊቱን ፓራውልት በወፍራም ብረት ላጠናክረው?»

«ለምን?»

«ለቅዳሜ ነዋ። ለሰውዬው።»

አልተቆጣኝም። የመፍቻ ሣጥኑን አንስቶ ኮፋኖው ላይ፣ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠና የፊት ሚዛኖቹን እንዳይ ጠራኝ። ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። «አፍንጫዋ ከከበደ አትታጠፍም» አለኝ። «መሪውን ወደ ግራ ትጠመዝዛለህ፣ እሷ ወደ ግድግዳው ትሄዳለች። እሱን የምመታው ምናልባት አንዴ ነው። ብረቱን የምሸከመው ግን መቶውንም ዙር ነው።»

ዝም አልኩ። ሣጥኑንም ወደ ቦታው መለስኩ።

ረቡዕ የእኔ ቀን ነበረች፤ የጎማ ቀን። በሜትር እየለካሁ በጠመኔ እጽፋለሁ። የኋላው የቀኝ ጎማ ዙሪያ ከግራው በጥቂት ሳንቲ ሜትር እንዲበልጥ ይፈለጋል። ለምን ብትሉኝ፣ የቡና ሲኒ በጎኗ አጋድማችሁ አንከባልሏት። ቀጥ ብላ አትሄድም፤ አፏ ሰፊ፣ ታችዋ ጠባብ ስለሆነ ትዞራለች። መኪናዋም ጎማዋ ራሱ ወደ ግራ እንዲያዞራት ተደርጋ ነው የምትሠራው። በንፋስ መብዛትና ማነስ ልኩ ስለሚለዋወጥ አለቃዬ ሦስት ጊዜ አስለካኝ።

ሐሙስ ፍሬን። አዲስ የፍሬን ሸራ ገባ፣ ዘይቱ ተቀየረ፣ አየሩ ወጣ፣ ዲስኩን የሚያቀዘቅዘው የንፋስ ቱቦ ተጸዳ። በአጭር ትራክ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ፍሬን ይያዛል። መቶ ዙር ማለት ሁለት መቶ ጊዜ ነው። ማታ ማታ ዲስኩ እንደ ከሰል ፍም ሲቀላ በጎማው ውስጥ ይታያል። ከዚያ ካለፈ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ልምሾ ይሆናል። «ሁሉም ሰው ፍሬን ይዞ ነው የሚጀምረው» አለኝ አለቃዬ። «ጥያቄው መጨረሻው ዙር ላይ ማን ተርፎታል ነው።»

ዓርብ መኪናዋን አልነካናትም። አለቃዬ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲጠጣ ዋለ፤ በሞተሩ ሙቀት ውስጥ ላብ ይጨርሳቸዋል። በጊዜ ተኛ። ከመሄዱ በፊት አላስችል አለኝና «ነገ ከፊትህ ብታገኘውስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እሱን ዛሬ ወስኛለሁ። እዚያ ውስጥ ሆነህ አይወሰንም» አለኝ። የወሰነውን ግን አልነገረኝም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሚስቱም መጥታ ከእኔ አጠገብ ቆመች። አለቃዬ ከስምንተኛ ተነሳ። ሰውዬው እንደ እብድ እየነዳ ወደ ፊት ወጣ። የእኛ ሰው ረጋ ብሎ፣ ቀደም ብሎ ነዳጁን እየለቀቀ፣ ፍሬኑን እየቆጠበ አንድ በአንድ አለፈ። አሥር ዙር ሲቀር የሰውዬው ዲስክ እንደ ፍም ቀልቶ ነበር። ሦስት ዙር ሲቀር አለቃዬ ልክ ከኋላው ደረሰ። ያው ዙር፣ ያው ቦታ፣ አሁን ግን ገፊው ማን እንደሚሆን ተገልብጧል። «ንካው!» ብዬ አጥሩን ይዤ ጮህኩ። ተመልካቹም ይጮሃል። ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች።

አልነካውም። በውስጥ ለማለፍ ሞከረ፣ ቦታ አጣ፣ መለሰ። ሰውዬው ሦስተኛ፣ አለቃዬ አራተኛ ሆኖ ገባ። ሁለት ሜትር ቢለያዩ ነው። እኔ በንዴት ጨስኩ። ሚስቱ ግን አለቀሰች። የደስታ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ሁለት መስመር ብቻ፦ ዘይት ቀይር፣ እጠባት። ያን ቀን የወሰነው ምን እንደነበር ገባኝ። መኪናዋም አልተሸጠችም።

«ይኼ የፈሪ ወሬ ነው» የምትሉ አትጠፉም። እንግዲያው ከእሱ በጣም የሚበልጡትን ላንሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 በናስካር ትልቁ ውድድር ላይ፣ ካንሳስ ውስጥ፣ ጆይ ሎጋኖ አምስት ዙር ሲቀር መሪ የነበረውን ማት ኬንሰዝን ገፍቶ አሽከረከረው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ማርቲንስቪል ላይ ሎጋኖ ሲመራ፣ ብዙ ዙር ተቀድሞ የነበረው ኬንሰዝ ሆን ብሎ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ጭብጨባው አላዳነውም፤ ሁለት ውድድር ታገደ። የዕለቱን ውድድርና ያንን ሰዓት ማን ወሰደ? ከጠቡ የሌለበት ጄፍ ጎርደን! በሕይወቱ 93ኛና የመጨረሻው ድል ሆኖ ተመዘገበለት። ሁለቱ ሲጣሉ ሦስተኛው ሰዓቱን ይዞ ሄደ።

እኔስ ተማርኩ? ወዲያው አልተማርኩም። በኋላ ሌላ ቦታ ስሠራ አንድ ባልደረባዬ ለአለቃ አሳበቀብኝ። ሳምንት ሙሉ ምን እንደምለው ሳዘጋጅ ከረምኩ። አልኩት፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ በዚያው ቀን ተባረርኩ። እሱ እዚያው ቀረ። ያን ሁሉ ቀን አፍንጫዬ ላይ ብረት ተሸክሜ እየዞርኩ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። ሰኞ ውድድር አለብህ። እንግዲህ እንደ አለቃዬ ተዘጋጅ።

አንደኛ፣ ዛሬውኑ ወረቀት ያዝና ለሰኞ የሚያስፈልግህን ጻፍ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ዘይት፣ መንጃ ፈቃድ፣ የቀን ገቢው ስንት እንደሆነ፣ ረዳትህ ማን እንደሆነ። የሰውዬውን ስም ከጻፍክ ሰርዘው።

ሁለተኛ፣ ስታየው ምን እንደምታደርግ እሑድ ማታ ወስን። ፌርማታው ላይ፣ ሰው እያየህ፣ ረዳትህ እየቆሰቆሰህ አይወሰንም። «በለው!» የሚሉህ ሰዎች ቁልፍ ስትቀማ ቤት ኪራይ አይከፍሉልህም።

ሦስተኛ፣ መብትህን ተው አላልኩህም። መጀመሪያ የገጨህ እሱ ነው፤ ጉዳዩ ይታይልህ። ተራ አስከባሪዎቹን ወይም ሁለታችሁም የምታከብሩትን ትልቅ ሹፌር ይዘህ፣ መኪና ውስጥ ሳይሆን ሻይ ቤት አነጋግረው። አንተም ከኋላ መላተምህን እመን። ደግሞ ከገጨህ ቁም፣ ትራፊክ ጥራ፣ በሕግ ያልቃል።

ሥራውንም ጀምር እንጂ አትሽሽ። ምናልባት ሰውዬው ከፊትህ ሆኖ ይገባ ይሆናል። ይግባ። አንተ ማታ መኪናዋን ሙሉዋን ለባለቤቷ መልስ፣ ማክሰኞም ቁልፉ በእጅህ ይሁን።

እንዴት እንደሆንክ ጻፍልኝ። እናንተም አንባቢዎቼ፣ ሳምንት እስክንገናኝ ፍሬን አይበጠስባችሁ!