የሚቀባው መድኃኒት ራሱ ሲያሳክክ

ዛሬ የምናነሳው የእግር ችፌን ነው።

ወልድያ ላይ በገበያ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ የምትውል፣ መርሳ መንገድ ዳር ማንጎና ብርቱካን የምትሸጥ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ከምጣድ ሳትለይ እንጀራ የምትጋግር እናት ማታ እግሯ አብጦ ብታገኘው አይደንቃትም። በተለይ ደጋግማ የወለደች ከሆነች በባቷ ላይ የተገታተሩ የደም ሥሮች ይታያሉ። ደሙ ወደ ልብ በሚገባ ስለማይመለስ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ያለው ቆዳ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል፣ ያሳክካል። ሳይታከም ከቆየም ቶሎ ወደማይሽር ቁስል ይለወጣል።

ይሁንና በዛሬው ጽሑፋችን የምናተኩረው ያሽራል ተብሎ በሚቀባው ነገር ላይ ነው። የተሰነጠቀ ቆዳ አጥሩ እንደፈረሰ ጓሮ የመጣውን ሁሉ ያስገባል። ያውም ቅባቱ በፋሻ ታፍኖ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይቆጣዋል። አለርጂ የሚባለው ይህ ነው። አስቸጋሪው ነገር ቁጣው በመጀመሪያው ቀን አለመታየቱ ነው። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሲስማማ የኖረ ቅባት አንድ ቀን ማሳከክ ይጀምራል። እናት ግን «በሽታው ባሰብኝ» ብላ አብዝታ ትቀባዋለች። (ለአንዷ የታዘዘ ቅባት በጎረቤት ሁሉ እንደሚዞር መቼም አይጠፋንም!)

ኒዮማይሲን ያለበት የቁስል ቅባት፣ ላኖሊን የሚባለው ከበግ ጠጉር የሚወጣ ስብ፣ ሽቶ፣ የፕላስተር ሙጫ፣ በሚለጠጥ ፋሻና በጎማ ጫማ ውስጥ ያለው ኬሚካል በዚህ ረገድ የታወቁ ናቸው። የሚገርመው እከክ ለማስታገስ የሚታዘዘው ሃይድሮኮርቲዞን እንኳ በአንዳንድ ሰዎች ላይ አለርጂ ማስከተሉ ነው። የጓሮውም ቢሆን ነፃ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ቁስል ላይ ማሰር ቆዳን ያቃጥላል፤ ሀብሩ ውስጥ ማንጎ የሚለቅሙ ሰዎች የሚነካቸው የፍሬው ሙጫም ቆዳ ያስቆጣል።

ሽፍታው ቅባቱ ወይም ፋሻው ያረፈበትን ቦታ ተከትሎ ከወጣ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ወደ ሌላው እግር ወይም ወደ ክንድ ከተዛመተ ቅባቱን አቁማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እግሩ ከጋለ፣ ከጠዘጠዘና ትኩሳት ከተከተለ ግን ቁስሉ አመርቅዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። በሐኪም የታዘዘ ፋሻ ቢያሳክክም እብጠቱን የሚይዘው እሱ ስለሆነ ወርውራችሁ አትተዉት፤ ላስቲክ የሌለበት እንዲለወጥላችሁ ጠይቁ። በተቀመጣችሁበት ሰዓት ሁሉ እግራችሁን ከፍ አድርጉ።

የትኛው ነገር እንደማይስማማ የሚለየው በቆዳ ሐኪም ምርመራ ነው። የተጠረጠሩት ነገሮች በጥቂት በጥቂቱ ጀርባ ላይ ተለጥፈው ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሳሉ፤ ከዚያም ሁለት ቀን ያህል ቆይቶ ቆዳው እንደገና ይታያል። ከደሴ አጠገብ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕሙማንን በማከም ከቆየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የተቀባችሁትን ሁሉ፣ ባዶውን ቱቦ፣ ሳሙናውን፣ ቅጠሉንም ሳይቀር በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ።