የዓይን ኑዛዜና የቤተ ሰብ ቃል

በአገራችን ልማድ ሰው ሕመሙ ሲጠናበት የነፍስ አባቱንና ሽማግሎችን አስጠርቶ ቃሉን ይሰጣል። ቤቱ ለማን እንዲሆን፤ ከብቱ ለማን እንዲደርስ፤ ዕዳውን ማን እንዲከፍልለት አንድ በአንድ ይናገራል። በኑዛዜው ሳይነሣ የቀረ ነገር ቢኖር ወራሾቹ ስንት ዓመት በሸንጎ እንደሚመላለሱ የማያውቅ የለም። ዛሬ በዚህ ገጽ ለእናቶችና ለአባቶች የምናቀርበው ጉዳይ ከኑዛዜ ወገን ነው፤ ነገር ግን የሚናዘዙበት ሀብት መሬትም ከብትም ሳይሆን የገዛ ዓይናችን ብሌን ነው።

ብዙ ሰው ዓይን መስጠት ሲባል ሲሰማ ዓይን በሙሉው ተነቅሎ በሌላው ሰው ዓይን ጕድጓድ የሚተከል ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። በጥበብ የሚተከለው ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት፤ በሕዝቡ ዘንድ የዓይን ብሌን የሚባለው፤ የሰዓትን ፊት እንደሚሸፍን መስተዋት በዓይን ፊት ያለው ጥሩ ሽፋን ነው። ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ግማሽ ያህል ነው። ይህ መስተዋት በእሾህ ሲወጋ፤ በኖራ ሲቃጠል፤ ወይም በሕመም ሲጠባሰስ ይነጣና ብርሃን አያሳልፍም። ትራኮማ የሚባለው የዓይን ማዝም ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ አጥፎ ሲያስፍቀው የሚያበላሸው ይህንኑ ነው። ከበስተ ኋላው ያለው ዓይን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሰውየው ዕውር ይሆናል፤ በጭቃ የተለሰነ መስኮት ያለበት ቤት ማለት ነው። ለዚህ ሰው መነጽርም ጠብታም አይረዳውም፤ የሚረዳው የሌላ ሰው ብሌን ብቻ ነው።

ይህ ጥበብ አዲስ የመጣ እንዳይመስል ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ዓመት በታኅሣሥ ወር ኤድዋርድ ዚርም የሚባል የዓይን ሐኪም፤ ዛሬ በቼክ አገር በሚገኘው በኦሎሙትስ ከተማ፤ ዓይኖቹ በኖራ ለተቃጠሉ አንድ የቀን ሠራተኛ ብሌን ተከለለት። ብሌኑ የተገኘው ዓይኑ በብረት ስብርባሪ ተጎድቶ መውጣት ግድ ከሆነበት ከአንድ የ11 ዓመት ልጅ ነበረ። የሠራተኛው አንደኛው ዓይን በራለት። ነገር ግን ዓይን ከሕያዋን እየተቀበሉ የብዙዎችን ችግር ማቃለል እንደማይቻል ግልጥ ነው። ኋላ በ1930ዎቹ ዓመታት ፊላቶቭ የሚባል ሐኪም በኦዴሳ ከተማ ከሞቱ ሰዎች የተወሰደ ብሌን ለዚሁ ሥራ እንደሚሆን በብዙ ሰዎች ላይ አሳየ፤ በ1944 ዓመትም በኒውዮርክ የመጀመሪያው የዓይን ባንክ ተከፈተ። በእኛም አገር በ2003 ዓመት የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በአዲስ አበባ ተቋቁሟል።

ኩላሊት የሚሰጥ ሰው በሕይወት ሳለ ሁለቱን ተካፍሎ በአንዱ መኖር ይችላል፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 ዓመት የተጀመረው የኩላሊት ተከላም ዘመድ ለዘመድ በመስጠት የሚፈጸም ነው። የዓይን ብሌን ግን ከሞት በኋላ የሚሰጥ ስጦታ ነው፤ የደም ሥር ስለሌለውም ዘመድ መሆን አያስፈልገውም። የአንድ ሰው ሁለት ብሌኖች ለሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሊደርሱ ይችላሉ።

እንግዲህ ቃል መግባቱ ቀላል ነው፤ ወረቀቱን ሞልቶ መፈረም ነው። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የፈረመው ሰው ሲሞት ወረቀቱ በሳጥን ውስጥ ነው፤ ባንኩን ጠርቶ የሚያስታውቀው ሟቹ አይደለም። ብሌኑ ደግሞ ነፍስ ከወጣች በኋላ ስድስት ሰዓት ያህል ሳያልፍ ቢወሰድ ይመረጣል። በዚያ ሰዓት የእኛ ቤት እንዴት እንዳለ አስቡት። ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ለሩቅ ዘመድ መልእክት ይሄዳል፤ መቃብሩ ይቈፈራል፤ ብዙ ጊዜም ቀብሩ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይሆናል። አስቀድሞ ያልሰማች መበለት በዚህ መካከል «የባልሽን ዓይን እንውሰድ» የሚል ሰው ቢመጣባት ምን ትመልሳለች? እንቢ ብትል አይፈረድባትም። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን በሕይወት ሳለ ያልነገራት ነው ብለን እንገምታለን።

ስለዚህ ቃል የገባ አባት ለሚስቱና ለልጆቹ፤ ይልቁንም በለቅሶ ቤት ቃሉ ለሚሰማው ለታላቅ ወንድሙ ወይም ለአጎቱ፤ በደኅና ቀን ከቡና በኋላ ተቀምጦ ይንገር። የነፍስ አባቱም ይስሙት። ብዙዎችን የሚያስፈራቸው ጥያቄ ከዚያው ይነሣል፤ ይኸውም «በትንሣኤ ቀን ሳላይ እነሣለሁን?» የሚለው ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ማፌዝም አይገባም። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ በጦር ሜዳ ወድቀው አሞራ የበላቸውን፤ በባሕር ሰጥመው የቀሩትን አርበኞችና መንገደኞች ከትንሣኤ ውጭ የሚያደርግ እምነት በአገራችን አልሰማንም።

ፊት ይበላሻል የሚለው ፍርሃት ደግሞ ከንቱ ነው። ሥራው ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም፤ የዓይኑ ቆብ ተከድኖ ስለሚቀር ለመሰናበት የሚመጣ ሰው የሚያየው ለውጥ የለም። ዕድሜም አይከለክልም። በሞራ ምክንያት ማየት ያቃታቸው አያት እንኳ ብሌናቸው ጤነኛ ከሆነ መስጠት ይችላሉ፤ ሞራው ያለው ከብሌኑ በስተ ኋላ ነውና። መነጽር ማድረግም አያግድም። በእብድ ውሻ በሽታ፤ በኤችአይቪ፤ በጉበት ቫይረስ ወይም በደም ነቀርሳ ከሞተ ሰው ግን አይወሰድም፤ ስለዚህ የሟቹ ደም ይመረመራል። ዋጋም የለውም፤ አይሸጥም፤ አይገዛም።

አስታማሚ የሆነችው እናት ወይም እኅት በዚያች ሰዓት የምታደርገው ጥቂት ነው። በልማዳችን እንደሚደረገው የሟቹን ዓይን በቀስታ ትከድናለች፤ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጥጥ በቆቡ ላይ ታኖራለች፤ ራሱን በትራስ ከፍ ታደርጋለች፤ በክፍሉ ውስጥ ነፋስ የሚያመጣ መሣሪያ ቢኖር ታጠፋለች። ከዚያም ልጆቿን አንዱን ወደ ባንኩ ስልክ እንዲደውል ታዝዛለች፤ ለቅሶውም በዚያ ምክንያት አይታጎልም። የስልኩ ቍጥር የቤቱ ሰው ሁሉ በሚያየው ሥፍራ፤ ከዕድሩ ደብተር ጋራ ቢቀመጥ ይሻላል።